በመልበሻ ክፍሉ ያስተረጎምኩት

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን አንድ በአንድ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ የምኖረው ጅግጅጋ ነው። እዚህ ኳስ መጫወቴን የሚያውቅ ሰው የለም።

እኔ ሶዶ ውስጥ የአንድ የሴቶች ቡድን ካፒቴን ነበርኩ። ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ፣ አጥቂ። ዓለሚቱ ከሁምቦ እስክትመጣ ድረስ። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ኮች ዘጠኝ ቁጥሩን ለእሷ ሰጥቶ እኔን ተከላካይ አደረገኝ። ልክ ነበር። ትበልጠኝ ነበር፤ ያኔም አውቀው ነበር። ያቃጠለኝ ማወቄ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ "ካፒቴን፣ አትልፊ! ለዓለሚቱ አቀብያትና ቁጭ በይ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን ስንጸልይ የምመራው እኔ ነኝ። የዓለሚቱን እጅ ይዤ "ጌታ ሆይ፣ ከጉዳት ጠብቀን" እላለሁ፤ በልቤ ግን እሷን ከዚያ ጸሎት አወጣታለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ወዴት ይደርሳል?

ኮች የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ ወላይትኛ አያውቅም። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ሲያመሰግን እንኳ የሚቆጣ ይመስላል። የዓለሚቱ አማርኛ ደግሞ ያኔ ለሜዳ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ "ያዢ"፣ "ልቀቂ"፣ "ተመለሺ"። ከዚያ ያለፈውን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እዚያው ሶዶ የኦቶና ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው። እሷ ልምምድ ታረፍዳለች፣ እሱ ይጮኻል፣ እኔ በመሃል ገብቼ አበርዳለሁ። ያለ እኔ መታረቅ እንደማይችሉ ሳውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች መጡ። የመጡት እሷን ብለው ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ቁርጭምጭሚቷን ተመታች። እረፍት አልቆ ሌሎቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ኮች ሁለታችንን መልበሻ ክፍል አስቀረን። ተንበርክኮ ያበጠውን እግሯን ዳሰሰና ወደ እኔ ቀና አለ።

"በዚህ እግር ከገባሽ ትሰበሪያለሽ በያት። ሰዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ፣ እሁድ ተመልሰው ያዩሻል። ልጄ ነሽ፣ አላስጎዳሽም በያት።"

ልጄ ነሽ። እኔን አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ዓለሚቱ ዞርኩ። በወላይትኛ፣ "የምትጫወቺው ለታይታ ነው ይልሻል። ለእኛ አትሆንም ብዬ ለሰዎቹ ነግሬያቸዋለሁ ይልሻል" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። "እህቴ፣ ለምኚልኝ። አስሬው እጫወታለሁ በይው። ምን አጠፋሁ? ካጠፋሁም ይቅር ይበለኝ በይው።"

ወደ ኮች ዞርኩ። "አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ ትላለች። ደግሞም የምጫወተው ለአንተ ብዬ አይደለም ትላለች።"

ቀስ ብሎ ከተንበረከከበት ተነሣ። "እንዲህ አለች?"

መመለስ እችል ነበር። እዚያው መመለስ እችል ነበር።

"እንዲህ አለች" አልኩት።

"ማልያውን ታውልቅ።"

ይህችን ግን ሳላዛባ አስተረጎምኩ።

በሁለተኛው አጋማሽ አጥቂ ሆኜ ተጫወትኩ። እሁድ ሰዎቹ ተመልሰው መጡ፤ እሷ አልመጣችም፤ ኮችም አላስጠራትም። እኔንም አልመረጡኝም። ቢመርጡኝ ኖሮስ? ጸጸቱ ይመጣ ነበር? እፈራለሁ፣ አይመጣም ነበር። ዓለሚቱ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካችም። ኮች እንደ ልጁ ያያት ልጅ ሰደበችኝ ብሎ እንዳዘነ ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረ።

አምና ለመስቀል ሶዶ ስገባ መናኸሪያ ላይ አንድ ሴት ከኋላዬ አቀፈችኝ። ዓለሚቱ ነበረች። አማርኛዋ አሁን ከእኔ አይተናነስም።

"ካፒቴን! ወፍረሽ የለም እንዴ! አሁንማ በረኛ ነው የሚያደርጉሽ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ "የነገርኩህ እኮ ይቺ ናት። የዚያን ቀን ኮችን የለመነችልኝ እሷ ብቻ ናት" አለችው። ባሏ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ልንለያይ ስንል ክንዴን ያዘችኝ። "ግን ኮች ለምን እንደዚያ ጠላኝ? አንቺ ታውቂ ይሆን?"

በመካከላችን አስተርጓሚ አልነበረም። የሚያጣድፈን ጨዋታም አልነበረም።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ "እኔ እንጃ" ያለችው የዛሬዋ እኔ ናት፤ ቆራቢዋ፣ ባለትዳሯ። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተበደለችው እስካሁን አልሰማችም።