አሥራ አንዱ ዜማዎች

በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «እትዬ ክር» ይላታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ተቀምጣ የቴፕ ክር ስትቀጥልና ስትጠቀልል ኖራለች። ዘፈን የጠፋበት አዘጋጅ መዝገብ አያገላብጥም፤ ወደ እሷ ወርዶ ትንሽ ያንጎራጉርላታል፣ እሷም ብድግ ብላ ከመደርደሪያው ታወጣለታለች።

ከሁሉም የምትሳሳላቸው ዋሽንት ነፊው ጋሽ ሸንበቆ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ቅጥነታቸው ይሁን ዋሽንታቸው ማንም አያውቅም። «ዝናብ ሲያባራ» የሚሉትን ዜማ ባለፉት ዓመታት አሥራ አንድ ጊዜ ጣቢያው መጥተው አስቀድተውታል። አሥራ አንዱም ለየቅል ነው። አንዱ ቁጡ ነው፣ አንዱ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። በአንደኛው ወንድማቸው ከበሮ ይመታል፤ ሰውየው ከዚያ ቀረጻ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ ሌላ ቦታ ድምፁ አልተቀዳም።

ክሩን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገቢ ስትባል አራት ዓመት ፈጀባት። ፕሮግራሙ ነገረኛ ነበር። ግማሽ ቀን የለፋችበትን «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ይውጠዋል። በቀን ቦታው ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሟላለት ወይ ፍንክች ይላል፤ የክሮቹ የድሮ ካርቶን ላይ ደግሞ የተጻፈው ዓመቱ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያውን ብትጠይቀው ባዶውን ይለፉት አላት። አለፈችው። ሥራው ሲያልቅ ክሮቹ በመኪና ተጭነው ተጣሉ፣ ምድር ቤቱም የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ማንም አላማከራትም።

አንድ ቀን አንድ አዘጋጅ ከበሮ ያለበትን ዜማ ፈለገ። ብትፈልግ አንድ «ዝናብ ሲያባራ» ብቻ መጣላት። ደግማ ፈለገች፤ ያው ነው። እሱም ጋሽ ሸንበቆ ጉንፋን ይዟቸው በሁለት ደቂቃ የተገላገሉት ነበር።

ባለሙያውን ጠራችው። ወንበር ስቦ ካየ በኋላ፣ ስሙ አንድ፣ ነፊው አንድ፣ ቀን የሌለው ስለሆነ ፕሮግራሙ ድግግሞሽ መስለውት ሌሎቹን አጽድቷቸዋል አላት። መጠባበቂያ ቅጂውም አብሮ ጸድቷል።

«አሥሩም?»

«እትዬ፣ ዘፈኑ እኮ አለ» አላት። ክፋት አልነበረበትም፣ ከልቡ ነው። ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ለኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፈች። ሰውየው እንደገና ይቀዱ፣ አንቺው ሄደሽ አነጋግሪያቸው የሚል መልስ መጣላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄደች። ጋሽ ሸንበቆ ከአንድ ጎማ ጥገና ጀርባ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ግቢው ውስጥ አስቀመጧትና ወሬ ሳይጀመር ዋሽንታቸውን አነሱ። መጀመሪያ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ዜማው ወጣ። ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀመጠ። ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤት እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማጨብጨብ ጀመረች። ጋሽ ሸንበቆ ጭብጨባውን ሰምተው አካሄዳቸውን ቀየሩ፤ ስታዘገይ ያዘገያሉ፣ ስታፈጥን ያመልጧታል፣ ጎረቤትየዋም በሳቅ ትፈርሳለች። እትዬ ክር ዜማውን ስንት ጊዜ እንደሰማችው ቁጥሩ የላትም፤ እንዲህ ሆኖ ግን ሰምታው አታውቅም። የመጣችበትን ጉዳይ ረሳች። እግሯ ሳታዘው መሬቱን ይመታል።

ሲጨርሱ ከንፈራቸውን ጠረጉና «ከወንድሜ ጋር የነፋነው እናንተ ዘንድ አለ አይደል? ልጄ አጎቷን ሰምታው አታውቅም» አሏት።

መዋሸት ትችል ነበር።

«ጠፍቷል፣ ጋሼ።»

«ማን አጠፋው?»

«ማሽኑ» አለች። ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ቀኑን ባዶ ያለፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሸንበቆ ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ልጃቸው ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እትዬ ክር ተንተባተበች፤ ጣቢያው መኪና እንደሚልክ፣ በአዲስ መሣሪያ እንደሚቀዳቸው ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚበቃቸው አንድ ከሆነ፣ አንድ አላቸው» አሉ።

ሰኞ ዕለት «ነፊው ፈቃደኛ አልሆኑም» ብላ ለኃላፊዋ ጻፈች። ኃላፊዋ ስልክ እያወራ ፈረመበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይልካት ሄደች። ልጅየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አባቴ ተኝቷል አለቻት። ከውስጥ ዋሽንቱ ይሰማል። ሁለቱም ሰሙት። በሩ ተዘጋ።

እትዬ ክር አጥሩን ይዛ ቆመች። ጎማ ጠጋኙ መቀመጫ ሊያመጣላት ሲነሳ፣ ተወው መሄዴ ነው አለችው። አልሄደችም። ጋሽ ሸንበቆ ነፍተው እስኪደክማቸው እዚያው ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረደች።