የኸድራ ባሚያ

ከአሶሳ መናኸሪያ ጀርባ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት አለፍ ብሎ፣ ብዙወርቅ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ፣ ከከተማው ዳር ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላት በዚህ ዓለም የሚያስደስቷት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ንባብና ኸድራ።

ኸድራ የበርታ ሴት ናት። ከመንጌ ወረዳ አግብታ መጥታ፣ ከምግብ ቤቷ ግድግዳ ሥር ኦቾሎኒ፣ ማንጎና ፀሐይ ላይ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ትሸጥ ነበር። ባሏ ሻዕባን ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ ያርሳል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሚስቱን ሳቅ ከሩቅ ሲሰማ ግን እሱም ፈገግ ይላል።

የምታነባቸውን መጻሕፍት የሚያመጣላት ሕብረት ነው። ሕብረት አሮጌ መጻሕፍት ሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ አንድ ቀን ሽፋኗ የተላጠ ቀጭን መጽሐፍ አንስቶ፣ «ይቺ ለአንቺ የተጻፈች ናት። ምግብም አለባት፣ ግድያም አለባት» ብሎ ሰጣት። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመች ነች። በታሪኩ፣ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኬክ ጋግራ የምትኖር መበለት አለች። በከተማዋ ሰው በተገደለ ቁጥር ፖሊሶቹ ሲደናገሩ፣ እሷ ከምድጃዋ ሳትርቅ፣ ቀምሳና አሽትታ፣ ገዳዩን ታገኘዋለች። መጨረሻ ላይ ሰዉ ሁሉ ጠረጴዛ ከብቦ ተቀምጦ ሳለ ኬኩን ትቆርስና ስሙን ትጠራለች። መጽሐፏ ዘጠኝ ክፍል አላት ተባለ። ሕብረት እንዳገኘ እንዳገኘ እያመጣ፣ በሁለት ዓመት ስድስቱን አደረሰላት።

የምሳ ሰው ከወጣ በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ኸድራ ዕቃዋን በማዳበሪያ ሸፍና ትገባለች። ብዙወርቅ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ኸድራ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ታዳምጣለች። በኸድራ አማርኛ ወንድም ሴትም «አንተ» ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» ትላለች መሐል ላይ። «ሐኪሙ ኬክ በላ?»

«አልበላም። ጠግቤያለሁ አለ።»

«በቃ እሱ ነው። ወላሂ እሱ ነው። ያልበላ ሰው ያውቃል።»

ከስድስቱ አምስቱን በዚህ መንገድ አወቀች። ብዙወርቅ በንዴት መጽሐፉን ዘግታ ትስቅባታለች።

በየመጽሐፉ ጀርባ የኬክ አሠራር አለ። አንዴ ሊሞክሩት ተነሡ። የኬክ መጋገሪያ ምድጃ ስለሌላቸው በብረት ድስት ከላይም ከታችም ከሰል አደረጉበት፤ ፖም የሚባለው ስላልተገኘ ማንጎ ከተቱበት። ታቹ አረረ፤ መሐሉ ሳይበስል ቀረ። ሻዕባን ግን ከማሳ መጥቶ አንድም ሳያስተርፍ በላውና፣ «ጥሩ ገንፎ ነው» አለ። ሁለቱ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

አንድ ቀን ኸድራ መጽሐፉን ከብዙወርቅ እጅ ወስዳ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«ብዙዬ፣ እኔ ፊደል አስተምረኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁ አይደል የማነብልሽ?»

ኸድራም አልደገመችው። ብዙወርቅ ይህን ያለችው ለቀልድ አልነበረም። ኸድራ ራሷ ማንበብ ከቻለች ከሰዓት በኋላ መምጣቷን ትተወዋለች ብላ ፈርታ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ የኸድራ አክስት መንጌ ውስጥ አረፈች። ኸድራ ለለቅሶ ስትሄድ አረንጓዴ ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች።

«ሻዕባን ምሳ አንተ ጋ ይበላል። ይሄ ባሚያ ለእሱ ነው። የእኔ ባሚያ ካልሆነ አይጠግብም።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ብዙወርቅ ባሚያውን በቅቤ ሠራችው፤ ጾም ስለሆነ አልቀመሰችውም። ሻዕባን ከገንፎ ጋር በላ። ሽታው ያማራቸው ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም «ለእኛም ጨምሪልን» ብለው ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። ድስቱ ታጠበ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሾፌሮቹ እያስመለሳቸው ሐኪም ቤት ገቡ፤ ሻዕባንን ደግሞ ሰዎች ከመንገድ ዳር አንሥተው ወሰዱት። ሾፌሮቹ በሁለተኛው ቀን ተሻላቸው። ሻዕባን ግን ኸድራ ከመንጌ ሳትደርስ ሞተ።

ሐኪሙ የተበላሸ ምግብ አይመስልም፣ ኬሚካል ነገር ሳይሆን አይቀርም አለ። ፖሊስ ምግብ ቤቱን አሽጎ ድስቱንና የተረፈውን ዘይት ወሰደ። ብዙወርቅ ሌሊቱን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አነጋች። የመጽሐፏ መበለት እንደምታደርገው አደረገች፤ ማን ምን እንደበላ አንድ በአንድ አሰበች። ሽሮ የበላ አልታመመም። አተር የበላ አልታመመም። ዘይቱና ቅመሙ ለሁሉም አንድ ነው። የታመሙት ባሚያ የበሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ባዶውን ዕቃ ለኸድራ ልትመልሰው ወደ መኖሪያ ቤቷ ይዛ መጥታ በር ኋላ አስቀምጣው ነበር። አንሥታ አየችው። ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። አፍንጫዋን ወደ ክዳኑ ጎድጓዳ አስጠጋች፤ የጎተራ ሽታ ነው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከባሚያ የሚወጣ ሽታ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ኸድራ ቤት ለቅሶ ደረሰች። ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ከማሽላው ጆንያ ጎን የዚያው ዕቃ አምሳያ ቆሞ አየች፤ ነጭ፣ ክዳኑ አረንጓዴ፣ ወረቀቱም ያልተላጠ። ሻዕባን ነቀዝ እንዳይበላበት ማሽላው ላይ የሚነሰንሰው ዱቄት ነው። በወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «መርዝ» ይላል፤ ከሥሩም «ባዶውን ዕቃ ለምግብ አትጠቀሙበት» ተብሎ ተጽፏል። ኸድራ ሌላኛው ዕቃ ባዶ ሲሆን ወረቀቱን ልጣ፣ ለቅለቅ አድርጋ፣ ባሚያዋን ሞልታበታለች። ጽሑፉ ግን ለእሷ ከጌጥ አይለይም።

ብዙወርቅ «እኔ አለሁ የማነብልሽ» ያለችው ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

በዚህ መሐል ኸድራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ከኋላዋ የሻዕባን እህቶች አሉ።

«ብዙወርቅ» አለች። ብዙዬ አላለችም። «ሻዕባን ምን አበላኸው?»

«ባሚያ።»

«የእኔ ባሚያ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዕቃው እግሯ ሥር ነው። ብዙወርቅ ግን የጓደኛዋን ፊት አየችና፣ «የአንቺ ባሚያ ምንም አልሆነም። ዘይቱ ነው። አሮጌ ዘይት ነበር፤ ምን እንደነካው አላወቅሁም» አለች።

«አንተ በላህ?»

«አልበላሁም።»

ኸድራ ትክ ብላ አየቻት። «ያልበላ ሰው...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። የሻዕባን እህቶች ክንዷን ይዘው መለሷት። ብዙወርቅ የመርዙን ዕቃ ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ወጣች፤ ቤቷ ስትደርስ ሁለቱንም ግቢዋ ውስጥ በጥልቁ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ያነበበቻት መበለት ማስረጃ ቀብራ አታውቅም።

ወንድሟ እንዳለ ከሰፈራ መንደሩ መጣ። እውነቱን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው።

«አብደሻል እንዴ! ስምሽ ጠፋ እኮ! ሂጂና ተናገሪ!»

«ምን ብዬ? በእጅሽ ገደልሽው ልበላት?»

«አላወቀችም። ማንም አይፈርድባትም።»

«ማንም አይፈርድባት፤ እሷ ግን በራሷ ላይ ትፈርዳለች። እንዳልዬ፣ እኔ ስሜን ባጣ ቤቴ እገባለሁ። እሷ ይህንን ብታውቅ የት ትገባለች?»

እንዳለ ተቆጥቶ ወጣ። በር ላይ ግን ተመልሶ፣ አንገቷን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከድስቱም ከዘይቱም ምንም አልተገኘም። እሷ ግን ፍርድ ቤት ቀርባ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች፤ በቸልተኝነት ተፈርዶባት በገደብ ተለቀቀች። ምግብ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራየው። በአሶሳ ምግብ ሥሪልኝ የሚላት ሰው ስላልነበረ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ኸድራ ዕቃዋን ሸክፋ መንጌ ወንድሞቿ ጋ ገባች።

ሕብረት በዓመቱ ሰባተኛውን ክፍል ይዞ ማረፊያው ድረስ መጣ። «በስንት ፍለጋ አገኘሁልሽ» አላት ደስ ብሎት። ተቀበለችው። ለብቻዋ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ገጽ ስትጀምር ከልማድ የተነሣ ጮክ ብላ አነበበች። ከሁለት መስመር በላይ አልቻለችም። በማግስቱ መለሰችለት።

በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ የማረፊያው ዘበኛ «ሰው ይፈልግሻል» ብሎ ጠራት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። ኸድራ ነበረች፤ ከስታለች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ኢንዓም የምትባል የወንድሟ ልጅ አብራት ነበረች፤ ራቅ ብላ ቆመች።

«ሐጅ የሚሄድ ሰው አለ እኛ ቤት» አለች ኸድራ መሬት መሬት እያየች። «ሼኹ ልብህ ውስጥ ሰው ይዘህ አትኑር አለኝ። ሁለት ዓመት አንተን ረገምኩ። ስበላም፣ ስተኛም። አሁን ደከመኝ። ዐፉ ብያለሁ። አላህም ዐፉ ይበልህ።»

ብዙወርቅ አፏን ከፈተች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈነችውን ልትናገር ነበር። ኸድራ ቀና ብላ አየቻት፤ በዚያ ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት ታየ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከባድ ሸክም አውርዶ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ዓይነት።

«አሜን» አለች ብዙወርቅ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኸድራ።»

«ግን አንተ ጋ አልመጣም። ከእንግዲህ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

እጅ አልተጨባበጡም። ኸድራ የወንድሟን ልጅ ትከሻ ይዛ ወደ መንጌ መኪና ተራ አቀናች። ብዙወርቅ አንድ ጊዜ ዞራ ታየኝ እንደሆነ ብላ ቆማ ጠበቀች፤ አልዞረችም። ዝናብ ማንጠባጠብ ሲጀምር ዘበኛው፣ «እትዬ፣ አንሶላው ይበሰብሳል» አላት። ሄዳ ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ አወረደችው፤ አጠፈችው፤ ከዚያ ፊቷን የታጠፈው አንሶላ ውስጥ ቀብራ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።