ለቁም ነገር ሲደርስ የሚጠፋው ስልክ

ስልኩን የላከልኝ ፍቅረኛዬ ነው። እሱ ደወሌ፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነበር፤ እኔ ደግሞ ከደሴ መጥቼ ጅግጅጋ አስተምራለሁ። ከጅቡቲ የገባ አዲስ ስማርት ስልክ ከነካርቶኑ በሾፌር እጅ የደረሰኝ ቀን፣ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ ዛሬም አላውቅም። የተማሪዎቼን የፈተና ውጤት ያየ ሰው ግን ሊገምት ይችላል።

ስልኩ ሁሉ ነገሩ ያማረ ነበር። አንድ ዐመል ብቻ ነበረበት፤ ወሬ መሀል ይጠፋል። እሱም በማንኛውም ወሬ አይደለም። ስለ ደወሌ ሙቀት፣ ስለ መኪና ወረፋው፣ ስለ ጅግጅጋ ነፋስ ስናወራ ንቅንቅ አይልም። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ የምልሽ..." ያለ እንደሆነ ግን ድርግም! መልሼ እስካበራው ድረስ ምን ሊለኝ እንደነበር ሲያንገበግበኝ ይቆያል። ስደውልለት ደግሞ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል።

"ምነው ዘጋሽብኝ?"

"ኔትዎርክ ነው" እለዋለሁ። የላከልኝን ስጦታ ብልሽት አለበት ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር? ችግሩ፣ ኔትዎርክ የሚባለውን ሰበብ ሁሉም ይናገረዋል እንጂ ማንም አያምነውም። እሱ ራሱ ማናገር ያልፈለገው ነጋዴ ሲደውልበት ምን እንደሚል ስንት ጊዜ ነግሮኝ ስቀናል።

ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ባትሪውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አሽከረከረው። ያበጠ ባትሪ ይሾራል፤ የኔው ባለበት ተጋደመ። "ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ሶፍትዌር ነው" አለና ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ጫነበት። ፎቶዎቼ ሄዱ፣ ዐመሉ ቀረ። ሁለተኛው ባትሪው ላልቷል ብሎ ከሲጋራ ፓኮ ወረቀት ቀዶ ወተፈበት። ከዚያ ደወለልኝና "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?" እያለ ሞከረው። ስልኩ እሱ ፊት ጨዋ ሆኖ ቁጭ አለ። "እህቴ፣ ይሄ ስልክ ምንም የለበትም" አለኝ፤ አስተያየቱ ግን ችግሩ ያለው አንቺ ጋ ነው የሚል ነበር። ተናድጄ በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ልብስ ነጋዴ ናት። ሱማሌ ናት፤ እኔን "አባዮ" ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ጨርቅ ስትለካ ሁለቱም እጆቿ ስለሚያዙ ስልኳን ሂጃቧ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ሻጥ አድርጋ ነው የምታወራው። እኔም ከሷ ተማርኩ። ሻርፔን አገጬ ሥር ጥብቅ አድርጌ በመርፌ ቁልፍ እይዝና ስልኩን ግራ ጆሮዬ ላይ ሸጉጬ ደብተር አርማለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የሷ ግን ትንሽዬ ባለቁልፍ ስልክ ናት፤ ብትወድቅም ውሃ ቢገባባትም አትሞትም።

"አባዮ፣ ያንቺ ስልክ ሼህ ነው" አለችኝ። "የፍቅር ወሬ ሲሰማ ያፍራል።"

ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። በዚያው ሳምንት እሱ ደወለና "ድሬዳዋ ያሉት ቤተሰቦቼ ወደ እናንተ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ግን ካንቺ ካንደበትሽ..." ድርግም። በጽሑፍ ጠይቀኝ ብዬ ላክሁለት። ይህ በጽሑፍ አይጠየቅም ብሎ መለሰልኝ። እንደገና ደወለ፤ እንደገና እዚያው ላይ ጠፋ። ሳበራው መልእክት ጠበቀኝ፦ "መልስሽ ገብቶኛል። ሽማግሌዎቹን አስቀራለሁ።" ብደውል ብደውል አያነሳም። ወድጄዋለሁ፣ እሺ ልለው ነው፣ እሱ ደወሌ ተቀምጦ እምቢ አለችኝ ብሎ ያዝናል።

እያለቀስኩ ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩ።

"ቆይ" አለችኝ። "ስልኩን እንደ ሁልጊዜው አድርጊ። እኔ ልደውል።" ከሱቋ ደጃፍ ቆማ እያየችኝ ደወለች። "ሻይ ጠጣሽ?" ይሠራል። "ነፋሱ ዛሬ እንዴት ነው?" ይሠራል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከደወሌ አንድ ሰው መጣ። ስላንቺ ጠየቀኝ..."

ድርግም።

ሆዷን ይዛ እየሳቀች መጣች። "እጅሽ! ወላሂ፣ እጅሽ ነው!"

እውነትም መዳፌ እንደተጫነ ነበር። ለካ ቁም ነገር ሲመጣ ቃል እንዳያመልጠኝ ሻርፔን ከላይ በመዳፌ ጭምቅ አደርገው ኖሯል። ማጥፊያው ደግሞ እዚያው የስልኩ ጎን ላይ ነው። ስልኩ ላንዲት ቀንም አልታዘበኝም ማለት አልችልም፤ ለስንት ሳምንት አንገቱን አንቄ ስታማው ቆይቻለሁ።

በኔ ስልክ እንዳልደውል ቁጥሬን ስለሚያውቀው አያነሳም። ጎረቤቴ በራሷ ስልክ ደወለች፤ አነሳ። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ ገፋችኝ።

"ዋርያ! አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸችበት። "እሷ አልዘጋም! እጇ ነው የዘጋው! አሁን ጠይቅ፣ እጇን እኔ ይዣለሁ!"

እውነቷን ነበር። ባንድ እጇ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደገነችልኝ፣ በሌላው ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ ጨብጣ ያዘች። የገበያ ሴት እጅ ጠንካራ ነው፤ ላስለቅቅ ብል አልችልም ነበር። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ነበር። መልሴም አጭር ነበር።

"እሺ" አልኩት።

ከዚያ ጸጥ። ትንፋሽ እንኳ የለም።

"ይሄም ጠፋ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ደንግጣ ስልኳን አየችው፤ በርቷል። መልሳ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። "ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?"

ቆይቶ፣ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

"አለሁ" አለኝ።