መስኮት ያስዘጋችው ሕፃን

ያለፈው ሚያዝያ ነው፤ አዳማ ሙቀቱ በሰው ላይ የሚጨክንበት ወር። ነገሩን ሳስታውሰው ስቄ ሳልጨርስ ሆድ ይብሰኛል።

የምሠራው አዳማ ውስጥ፣ አሻንጉሊት በሚመረትበት አንድ ትንሽ ቤት ነው። ከልብስ ፋብሪካ በሚተርፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሕፃን አሻንጉሊት እንሰፋለን። እንሰፋለን እላለሁ እንጂ ሱቁ ሁሉ ከውጭ በሚመጣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲሞላ ጓደኞቼ ተስፋ ቆርጠው አንድ በአንድ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሄደዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማወራው ዓይን ከምጠልፍላቸው አሻንጉሊቶች ጋር ነው። ሥራ ጨርሼ የኪራይ ክፍሌ ስገባም "እንዴት ዋልሽ" የሚለኝ የለም።

ባቱ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ናሙና እንድናሳየው ጠየቀን። እውነተኛ ሕፃን የምታክል አሻንጉሊት ሠራሁ። ፌስታል ውስጥ ብትገባ ፊቷ ይጨማደዳል፤ መኪና ጣሪያ ላይ ብትጫን አቧራ ይበላታል። ስለዚህ በነጠላ ጠቅልዬ ታቀፍኳትና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ገና ከመቀመጤ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት፣ "ረዳት! መስኮቱን ዝጋ እንጂ! አራስ ልጅ ይዛለች እኮ!" ብለው ጮኹ። መስኮቱ ሁሉ ግጥም አለ። በዚያ ሙቀት! ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ "ምን ይደረግ፣ ሕፃን ይቀድማል" አለ።

ኧረ አሻንጉሊት ናት ልል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት እየተቀቀለ እንዴት ብዬ ልናገር? ደግነቱ ገልጠሽ አሳዪን ያለኝ የለም። የአራስ ልጅ ፊት ለሰው ዓይን አይሰጥም።

"ሴት ናት ወንድ?" አሉኝ እናትየዋ።

"ሴት።"

"ምነው ታዲያ፣ መተኛት ሲገባሽ ለብቻሽ መንገድ ወጣሽ? ማንም የለሽም?"

"ማንም የለኝም" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ከዚያ ደግሞ እንባዬ መጣ። ሚኒባሱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ ያ ሰውዬ የሚጠጣውን ውኃ ሰጠኝ። አሁንማ ከታወቀብኝ አለቀልኝ፤ አታላይ ነው የምባለው።

መቂን እንዳለፍን እናትየዋ፣ "አምጫት፣ ክንድሽን አሳርፊ" አሉ። ሳልከለክላቸው ተቀበሉኝ። እጃቸው ቀጥ አለ። ልጅ ያሳደገ እጅ አይታለልም።

ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሞታብሽ ነው?"

"አይደለም እማማ" አልኩ በሹክሹክታ። "አሻንጉሊት ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት። ወልጄ አላውቅም።"

"ታዲያ ማንም የለኝም ያልሽው?"

"እሱ እውነት ነው።"

አሁን ይጮኻሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ነጠላውን አስተካክለው አሻንጉሊቷን ትከሻቸው ላይ አደረጓትና ጀርባዋን መታ መታ ያደርጓት ጀመር።

"አንዴም አላለቀሰች፤ ጨዋ ልጅ ናት" አለ ወፍራሙ ሰውዬ።

"ጨዋ ናት። አንተ ዝም በል፣ እንዳትቀሰቅሳት!" አሉት።

ባቱ ስወርድ ጭንቅላቷን በመዳፋቸው ደግፈው አቀበሉኝ። ከዚያ እኔን ጉንጬን ስመው፣ "ዋቀዮ ሰው ይስጥሽ" አሉኝ። ሚኒባሱ ወደ ሻሸመኔ ሄደ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

መዋዕለ ሕፃናቱ አሻንጉሊቷን ወደዳት፤ ሥራም ሰጠን። ደስ ብሎኛል። ቢሆንም አሁንም የምሰፋው ብቻዬን ነው፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እዚህ ከተማ ይህን ያህል ጊዜ ስኖር ማንም የለሽም ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የሚጠይቀኝ ሰው ለማግኘት አሻንጉሊት ታቅፌ መንገድ መውጣት ነበረብኝ።