ሙዝ መራጩ

ከጫኖ መንደር እርሻዎች የሚመጣው ሙዝ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት በመራጩ ሰውዬ እጅ ያልፋል። ንግዱ የእሱና የሚስቱ ነው። በሥራ ሰዓት ቱታውን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ሚስቱንም እንደ ማንኛውም ነጋዴ «እርስዎ» ይላታል። መጀመሪያ ትስቅበት ነበር፤ አሁን «አቤት» ትለዋለች።

ዛሬ የሚስቱ አባት ሁለት ዘለላ ይዘው መጡ። አገላብጦ አየና ወደ ጎን አደረገው።

«አባባ፣ ተመትቷል። አዲስ አበባ ሳይደርስ ይጠቁራል፤ አልጭነውም።»

«ልጄን ስሰጥህ እንዲህ አገላብጠሃታል?»

«እሱን ቤት እንነጋገራለን። እዚህ የምናወራው ስለ ሙዝ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ የሌላ ገበሬ ሙዝ እያስመዘነች ነበር። ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ መራጩ እሱ ነው» አለች።

«እንግዲያው ቤቴ እንዳትረግጥ» አሉትና ዘለላዎቹን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

ሰውዬው ቀደማቸው። የሚስት አባት ተሸክመው አማች ባዶ እጁን ቢታይ መንደሩ ዓመት ያወራዋል። ያልተቀበለውን ሙዝ በሁለት ትከሻው አድርጎ መንገዱን ተሻገረ፤ ሽማግሌውም አኩርፈው ተከተሉት። ከማዶው ተፎካካሪ ነጋዴ ሚዛን አጠገብ ሲደርስ ቀስ አድርጎ አወረደው።

«አንተ ለምን ከሳቸው አልገዛህም?» አለው ነጋዴው።

«አማቴ ናቸው» አለ ሰውዬው።