ተመጀመሪያው ጀምሪ

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ የወደቅኩት ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። ዓለም ሁሉ ከሚያውቃቸው ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አንዱ ነበር፤ ኮዱን በትክክል ጽፌ ጨርሻለሁ። የላኩልኝ መልስ ግን «እንዴት እንደምታስቢ አልሰማንም» የሚል ነበር። እንዴት ይስሙ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በእኛ ቤት ያደገ ሰው ትልቅ ሰው ሲጠይቀው ዝም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ አጠር አድርጎ ይመልሳል። ጨዋነት ብዬ የተማርኩት እንደ ድክመት ተቆጠረብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር መነጋገር አልፈለግኩም።

ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ መሞከር ይፈቀድልኝ ነበር። እያሰቡ መናገርን ልልመድ ብዬ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ስለፈልፍ አባቴ ሰሙኝ።

«ለእኔ ንገሪኝ» አሉ።

«አባዬ፣ እርስዎ ኮድ አያውቁም።»

«ያልነበርሁበትን ጠብ አይደል የምዳኝ?»

እውነታቸውን ነው። አባቴ ሽማግሌ ናቸው። ገበሬው ከእርሻ በሚያርፍባቸው የበዓል ቀናት፣ በድንበር የተጣሉ ሰዎች ከየገጠሩ ፍኖተ ሰላም ድረስ ግቢያችን ይመጣሉ። አባቴ ታሪኩን «ተመጀመሪያው» ያስጀምራሉ፤ የሰሙትን መልሰው «ይኸ ነው ያልኸኝ?» ብለው ሳያረጋግጡም ፍርድ አይናገሩም።

እኔንም እንደዚያው ያዙኝ። መጀመሪያ ጥያቄውን በራሴ ቃል አስደገሙኝ። የተደራረቡ ቀጠሮዎችን ማዋሃድ ነበር። በሰዓት እንደምደረድራቸው፣ አንዱን ከቀጣዩ ጋር እንደማስተያይ እየነገርኳቸው ሳለ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ድምፅሽ ወረደ። ምን ዘለልሽ?»

«ምንም!» አልኩ ተቆጥቼ። ዘልዬ ነበር። አንዱ ቀጠሮ ባለቀበት ደቂቃ ሌላው ቢጀምር ምን እንደሚሆን አላሰብኩበትም። ከዚያ በኋላ ወራቱን ሁሉ ማታ ማታ ከእራት በፊት ተከራካሪያቸው ሆንኩ። አንድም ዝላይ አላለፉልኝም፤ ስንት ጊዜ ላፕቶፑን ዘግቼባቸው እንደተነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የኢንተርኔት ቃለ መጠይቁ ቀን ሲደርስ ሰፈራችን ኔትወርክ አልነበረም። ቡሬ የምታስተምር ጓደኛዬ ቢሮዋን ለቀቀችልኝ። አባቴም ካልሄድኩ ብለው አብረውኝ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቢሮው በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ መልሼ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ «አዎ፣ እሱ ነው» አለኝ። እያሰብኩ ተናገርኩ፣ እየተናገርኩ ጻፍኩ። መሐል ላይ የራሴ ድምፅ ሲወርድ ለራሴ ተሰማኝ። «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ የዘለልኩት ነገር አለ፤ ልመለስ» አልኩ። ተመልሼ አስተካከልኩት።

ስወጣ አባቴ ተነሥተው ቆመው ነበር። «አንድ ቦታ ቆመሽ ተመለስሽ» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ከመቼ ወዲህ?»

«ድምፅሽን ነው የሰማሁ።»

ውጤቱ የመጣው የሚካኤል ዕለት ነው። አባቴ ግቢ ውስጥ የወሰን ድንጋይ ያጣላቸውን ሁለት ወንድማማቾች ይዘው ተቀምጠዋል። ስልኬን እንደያዝኩ ወጥቼ በሽማግሌ ፊት «አባዬ፣ ወሰዱኝ! ተቀጠርኩ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድማማቾቹ ደንግጠው ክርክራቸውን አቆሙ።

«ቁጭ በይ» አሉ አባቴ። «ተመጀመሪያው ጀምሪ።»

ሰው እያየኝ ተቀመጥኩ። ከሃያው ደቂቃ ዝምታ ጀምሬ፣ ንዴቴን፣ ጓዳውን፣ ቡሬን፣ አሁን የደረሰኝን ደብዳቤ ሁሉ አንድ ሳልዘል ነገርኳቸው። ስጨርስ ጥያቄያቸውን ጠበቅኩ። ለማንም ባለጉዳይ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ የማያጡት ሰው አንድም አልጠየቁኝም። ወደ ወንድማማቾቹ ዞሩ።

«ልጄ ናት» አሏቸው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የሚያውቁኝን ሰዎች።