የአባት ለአባት ወገን

ነገሩ ከነጣጣው መቶ አስር ሺህ ብር ፈጀብኝ። ቅናቱን አልደመርኩትም፤ እሱ ከልጅነቴ የመጣ ነው።

እኔና ወንድሜ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ አባቶቻችን ለየቅል ናቸው። የእኔው ጥሎልኝ የሄደው ቁመቱን ብቻ ነው። የሱ አባት ግን ጌጃ ሰፈር መንገድ ዳር ባለ ሦስት ክፍል ቤት አወረሰው። የፊቷ ክፍል በሯ ወደ ታክሲው መንገድ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ በሰው ደጅ ላይ የበር ማጠፊያና ቁልፍ ስቸረችር፣ ያቺን ክፍል ለሱቅ እያሰብኩ ስንት ዓመት ምራቄን ዋጥኩ! እሱ የተሰበረ አልጋ ያስቀምጥባት ነበር።

አላገባም፣ አልወለደም። ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ የሚያፈሰውን ጣራም ያስቀየርኩት እኔ። ለወንድሜ ብዬ ነው እላለሁ፤ ቆርቆሮውን ግን እንደ ራስ ቤት ወፍራሙን ነው የመረጥኩት።

አንድ ቀን ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ምስክር ጥራና ቤቱን ልናዘዝልህ» አለኝ።

«አታሟርት! ምን ሆንክና?» ብዬ ተቆጣሁት። አንድ ካርቶን ምስማር ያለ ደረሰኝ የማልገዛው ሰው! ከእኔ ሌላ ማን አለው ብዬ ነው። ደግሞ ለሞቱ የቸኮልኩ እንዳይመስልብኝ።

ወንድሜ ሞቶ አርባው እንደወጣ የአባቱ ወንድም ልጅ ከሳሪስ መጣ፤ በሕመሙ ጊዜ ደጁን ያልረገጠ ሰው። ወራሽ እኔ ነኝ አለ። ጠበቃ ዘንድ ሮጥኩ።

«ከአባቱ የመጣ ቤት ነው አይደል?» አለችኝ። «እንግዲያው ሟች ልጅ ከሌለው ወደ እናት ወገን አያልፍም። የአባት ለአባት ወገን፣ የእናት ለእናት ወገን ይሉታል። ርስት ከዘር እንዳይወጣ የተባለ የጥንት ነገር ነው። ኑዛዜ ቢኖር ሌላ ነበር።»

«እኔስ ወንድሙ አይደለሁም እንዴ?»

«ለሐዘኑ ነዎት» አለችኝ። «ለቤቱ ግን በእናት ነዎት።»

እምቢ ብዬ ተሟገትኩ፤ ተረታሁ። መቶ አስሩ ሺህ የሄደው በጣራውና በዚህ ሙግት ነው። ሰውዬውን ሳየው የሚያንገበግበኝ ቤቱ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ የአባት ወገን ሞቶም ይሠራለታል። የእኔ አባት በቁሙም ሠርቶልኝ አያውቅ።

በሳምንቱ የሳሪሱ ሰውዬ ደጄ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። የፊቷን ክፍል ላከራያት ነው፤ ከባዳ እርስዎ ይሻላሉ» አለና ዋጋውን ነገረኝ።

«ጣራው እኮ የእኔ ነው!»

«አይቼዋለሁ፤ ወፍራም ነው። እሱም ኪራይ ውስጥ ገብቷል።»

እስከ ምሽት ተከራከርኩት፤ አንድ ብር አልወረደም።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ቤቱ የሱ ነው፤ እኔ ተከራይ ነኝ።